የአሥራ አራት ልጆች መዳፍ

ሴትዮዋን መጀመሪያ ያየኋት ቀን፣ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ደክሟት ያረፈች ነበር የመሰለኝ። ልጆች ኳስ ከማጫውትበት ሜዳ ጫፍ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ቢጫ ጄሪካኗን አጠገቧ አቁማ ታየን ነበር። በማግስቱም መጣች። በሦስተኛው ቀን ኳስ ላነሣ በአጠገቧ ሳልፍ ጄሪካኑን ልብ ብዬ አየሁት፤ ባዶ ነው። ስትሄድም ባዶውን አንጠልጥላ ሄደች። ውኃ የማይቀዳበት ጄሪካን ይዞ የሚመላለስ ሰው ሌላ ጉዳይ አለው ብዬ አሰብኩ።

ሞያሌ ያደገ ሰው እንዲህ ማሰብ አይከብደውም። ከተማችን ግማሹ ኬንያ፣ ግማሹ ኢትዮጵያ ነው። ወደ ደቡብ የሚያልፍ ሰው አይጠፋም፤ የሚያልፈውን የሚጠባበቅም አይጠፋም። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ስናይ፣ ወይ ሰው ይጠብቃል ወይ ሰው ይቆጥራል እንላለን። ይቺ ሴት ደግሞ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። የምትቆጥረው ልጆቹን ነበር።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ወላጆቼ በስደት መጥተው መጀመሪያ ካምፕ፣ ኋላ በኬንያው በኩል ማንያታ ሰፈር ጭቃና ቆርቆሮ ቤት ሠርተው የቀሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ ትምህርቱ እዚያው ቆመ። ከሰፈራችን ዝቅ ብሎ ባለ የአንድ ድርጅት ግቢ ውስጥ በረንዳ እጠርግ፣ ቢሮ አጸዳ ነበር። ኳስ በዱላ እየመቱ በጓንት የሚቀልቡበትን፣ ሶፍትቦል የሚባለውን ጨዋታ ያወቅኩት እዚያ ነው። አንዲት ፈረንጅ መጥታ ከግቢው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ለሁለት ወር ያህል የትምህርት ቤት ልጃገረዶችን አስተማረች። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ከበረንዳው አያለሁ። አንድ ቀን ኳሷ ተንከባልላ እግሬ ሥር መጣች፤ ከትልቅ ብርቱካን የምትበልጥ፣ ጠንካራ ኳስ ናት። አንሥቼ መልሼ ወረወርኳት፤ የፈረንጇ ጓንት ውስጥ ቷ ብላ ገባች። ፈረንጇ ጓንቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ በእጇ ነይ አለችኝ። አገሯ ልትመለስ ስትል ዕቃውን በሙሉ በአንድ ጆንያ አድርጋ ለእኔ ተወችልኝ፤ ሦስት ዱላ፣ ሰባት ኳስ፣ አምስት የቆዳ ጓንት።

ላስተምር አስቤ አልነበረም። ከሥራ በኋላ ብቻዬን ኳሷን ከግቢው ግንብ ጋር እያጋጨሁ ስጫወት ሁለት ልጆች መጥተው ቆሙ። በሳምንቱ ስድስት ሆኑ፤ ኋላ አሥራ አራት። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናቸው ናቸው። «ቲቸር» ይሉኝ ጀመር። እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቋ አልቆም አላት።

«አንቺ? ሽንኩርት ግዢ ስትባይ ዋጋ መጠየቅ አፍረሽ ባዶ እጅሽን የምትመለሺው ልጅ? ምን ብለሽ ነው የምታስተምሪያቸው?»

«አላወራም፤ አሳያቸዋለሁ» አልኳት።

እውነቴን ነበር። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ ጎኔን ሰጥቼ እቆማለሁ፣ ክርኔን ከትከሻዬ እኩል አነሣለሁ፣ ከምወረውርበት እጅ ተቃራኒ ያለውን እግሬን ወደፊት አራምዳለሁ፣ ከዚያ እወረውራለሁ። ልጆቹ ደጋግመው ያዩኝና ራሳቸው ይሞክራሉ። አቋቋሙ ያልተስተካከለውን ልጅ ቁርጭምጭሚቱን ይዤ እግሩን ቦታው ላይ አስቀምጥለታለሁ። ከመወርወር ይልቅ የሚያስቸግራቸው መቅለብ ነበር። ኳስ ሲመጣባቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቄ በእሱ አለማመድኳቸው። ካልሲ አፍንጫ ቢመታም አያደማም።

«ቲቸር፣ ካልሲው ይሸታል!» ይላል አንዱ።

«እንግዲያ አፍንጫህ ጋ ሳይደርስ ቅለበው!» ይለዋል ሌላው።

ዓይናቸውን መግለጥ ሲለምዱ ነው ወደ እውነተኛው ኳስ የተሻገርነው።

ከሁሉም የሚበልጥ ክንድ የነበራት አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ቤተሰቧ ከብቶቻቸው በድርቅ አልቀውባቸው ቦሪ ከሚባል የከብት አርቢ አገር ወደ ከተማ የገቡ ናቸው። ስትወረውር ኳሷ ታፏጫለች፤ ግን ሁልጊዜ ከሚቀልበው ልጅ አንድ እርምጃ ፊት ትወድቃለች።

«ለምንድን ነው ወደ እጁ የማትወረውሪው?» አልኳት።

«ፍየል ይመታል እንዴ? ፊት ለፊቷ ነው የሚወረወረው፣ እንድትመለስ» አለችኝ። ይህን አለማወቄ በጣም ገርሟታል።

«እኔ ፍየል ነኝ?» አለ ቀላቢው ልጅ ከማዶ።

«ፍየልማ ትሰማለች» አለችው።

ይህች ልጅ ግራኝ ናት። ስለ እሷ አንድ ያልገባኝ ነገር ነበር። ሴትዮዋ ድንጋዩ ላይ በተቀመጠችበት ቀን ልጅቷ በቀኟ ትወረውራለች፤ ኳሷም እግሯ ሥር ትወድቃለች። ሴትዮዋ በሌለችበት ቀን ግራ እጇን ታወጣለች። ወደ ድንጋዩ ግን ዞር ብላ አይታ አታውቅም።

«ያቺን ሴት ታውቂያታለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት አንድ ቀን።

«የቷን?» አለችኝ፤ ድንጋዩ ላይ ከዚያች ሴት ሌላ ማንም ሳይኖር።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱንም ጠረጠርኩ። የሰፈሩ ሹም፣ እኛ ቺፉ የምንለው፣ ልኳት ይሆን? ወይስ ልጅቷን የምትፈልግበት ሌላ ነገር አላት? ሄጄ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። ሲመሽ ልጆቹን እቤታቸው አካባቢ ድረስ እሸኝ ጀመር፤ ከኋላችን የሚከተል ሰው እንዳለም እየዞርኩ አያለሁ።

ያስጨነቀን ሌላው ነገር ጓንቱ ነበር። አምስቱም የአዋቂ ናቸው፤ አምስቱም በግራ እጅ የሚጠለቁ። ልጆቹ ሲያጠልቋቸው እጃቸው ይጠፋል፤ ኳሷ ስትገባ ጓንቱም አብሯት መሬት ይወርዳል። በግራዋ የምትወረውረው ልጅ ደግሞ ጓንት በቀኝ እጇ ማጥለቅ ስላለባት ለእሷ የሚሆን አንድም አልነበረም። በባዶ እጇ ትቀልባለች፤ ከዚያ መዳፏን ብብቷ ውስጥ ትደብቃለች።

የድርጅቱ ሰውዬ በየሁለት ወሩ ከናይሮቢ ይመጣ ነበር። ጫማውን በመሐረብ የሚጠርግ፣ ሞባይሉን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ በግቢው ውስጥ ኔትወርክ ሲፈልግ የሚውል ሰው ነው። ሞባይል ወደ ከተማችን ከገባ ብዙ አልቆየም ነበር። አንድ ቀን ሲያየን ቆየና ለልጆች የሚሆን ትንንሽ ጓንት ከናይሮቢ ማስመጣት እንደሚቻል ነገረኝ። በደስታ ዘለልኩ ማለት ይቻላል። ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ።

«ይህን ሙይልኝ። ሌላ ሰው እጅ አይግባ፤ ስመጣ ለእኔ ብቻ ትሰጪኛለሽ፣ ዳዳ» አለኝ በስዋሂሊ። ዳዳ ማለት እኅቴ ማለት ነው።

የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ የመዳፉ ልክ፣ የሚወረውርበት እጅ ይላል። እስከዚህ ደህና ነው። ከዚያ በታች የአባት የትውልድ ቦታ፣ የእናት የትውልድ ቦታ ይላል። የእናት የትውልድ ቦታ ለጓንት ምን ያደርግለታል ብዬ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «እሺ» ነው።

የምለካበት ሜትር አልነበረኝም። ቢሮውን የማጸዳው እኔ ስለሆንኩ የማኅተሙ ቀለም የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ጸሐፊዋን አስፈቅጄ ወሰድኩት። የልጆቹን መዳፍ በቀለሙ እየቀባሁ፣ ኋላ ወደ ሰውዬው ወረቀት ልገለብጠው፣ በደብተር ገጽ ላይ አሳተምኩ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ። እያንዳንዱ ጣት እስከ ጥፍሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከሥሩ ስም፣ ዕድሜ፣ ወላጆቹ የተወለዱበትን ጻፍኩ። ልጆቹ እንደዚያን ቀን ስቀው አያውቁም። ቀለሙ በሳሙና ቢታጠብም ከእጃቸው አልለቅ አለ፤ ወይን ጠጅ መዳፋቸውን እያውለበለቡ ወደየቤታቸው ሮጡ። እኔም በሥራዬ ኮራሁ።

እቤት ስገባ እናቴ ውኃ ልታቀብለኝ ስትል እጄን አየች። ጣሳውን አላቀበለችኝም።

«ይህን ቀለም አውቀዋለሁ» አለች። «ካምፕ የገባን ቀን አውራ ጣቴ እንዲህ ነበር፤ ሳምንት ሙሉ አልለቀቀም። ምን ሠራሽ?»

«ለጓንት ነው...»

«የሰው ልጆች እጅ አተምሽ? ስማቸውንም ጻፍሽ?»

እናቴ በዚያን ቀን አልሳቀችም።

በማግስቱ ሜዳው ባዶ ነበር። በዱቄት ጆንያ አሸዋ ሞልተን የሠራናቸው አራቱ ቤዞች፣ የመሮጫ ምልክቶቻችን፣ ብቻ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ልጆቹ ዘግይተው ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ሰው ብቻ መጣ፤ ሴትዮዋ። ድንጋዩ ላይ አልተቀመጠችም። ሜዳውን አቋርጣ ፊቴ መጥታ ቆመች። ከሩቅ ሳያት የማውቃት ሴት ይህን ያህል ረጅም መሆኗን አላወቅኩም ነበር። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለች ነው የምትናገረው።

«ያ ኢንታላ፣ ደብተሩ የት አለ?» አለችኝ፤ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው።

«እቤት ነው፣ ማማ።»

«ለማን ሰጠሽው?»

«ለማንም አልሰጠሁም።»

«ለማን ልትሰጪው ነው?»

«ለድርጅቱ ሰውዬ። ለጓንት ነው፤ የእጃቸውን ልክ ለማወቅ...»

«ለጓንት!» አለች። «እኔን ደግሞ ለዱቄት ነው ያሉኝ።»

ከዚያ ቆማ ነገረችኝ። ከብቶቻቸው ባለቁበት ዓመት የሚበላ ጠፋ። ስደተኛ ነኝ ብሎ የተመዘገበ ራሽን ያገኛል ሲባል፣ እሷም ከልጆቿ ጋር ሄዳ ተሰለፈች። ትልቁ ልጇ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፤ ቁመቱን አይተው የእሱንም ጣት ቀለም አስነኩት። አሁን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ኪታምቡሊሾ፣ መታወቂያ ማለት ነው፣ ሊያወጣ ሦስት ጊዜ ሄደ። ሦስቱንም ጊዜ፣ ጣትህ በስደተኛ መዝገብ ውስጥ ተገኝቷል ብለው መለሱት።

«አያቱ እዚህ ተቀብሯል፣ ዋላሂ! አባቱ እዚህ ነው የተወለደው። ልጄ ግን በገዛ አገሩ ስደተኛ ነው። አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ፖሊስ ያወርደዋል። ለሁለት ጆንያ ዱቄት ብዬ ጣቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።» ዓይኗ ደርቋል፤ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። «ይህችኛዋን ግን አልሰጥም።»

«ልጅዎ ማናት?» አልኳት፤ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ ገብቶኝ ነበር።

«በግራዋ የምትወረውረው። ግራዋን ከልክያታለሁ፤ የማላውቅ መስሏታል።»

ስንት ቀን ሙሉ ስጠረጥራት፣ እሷ ደግሞ እኔን ስትጠረጥር ከርማለች። ልጆች በጨዋታ የሚሰበስብ፣ የማይናገር፣ ባዶ ሜዳ ላይ የሚቆም ሰው ምን ይፈልጋል ብላ ነበር የምትመጣው። ልጅቷንም፣ እኔን እንደምታውቂኝ እንዳትነግሪያት ብላ አስጠንቅቃታለች። ደብተሩን ካልመለስኩ ልጅቷ ዳግመኛ ሜዳውን እንደማትረግጥ፣ ሌሎቹ እናቶችም እንደዚያው እንደተማማሉ ነግራኝ ሄደች።

እቤት ገብቼ ደብተሩን ከፍራሼ ሥር አወጣሁት። ትናንት ያኮሩኝ መዳፎች ዛሬ ሌላ ሆነው ታዩኝ። ሰውዬው ክፉ ሰው ይሁን አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም። ግን አንድ በአንድ ትዝ ይለኝ ጀመር። ለእኔ ብቻ ስጪኝ ያለው ለምንድን ነው? ስልክ ሲደወልለት ሁልጊዜ ከግቢው የሚወጣው ለምንድን ነው? ጓንቱን የሚልክልን ማን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ነግሮን ያውቃል? ኔትወርክ ፍለጋ ሊሆን ይችላል የሚወጣው። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ጓንት አምጥቼ ልጆቹ ሲቀልቡ ማየት ከምንም በላይ እፈልግ ነበር። ነገር ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እኔም መታወቂያ የለኝም፤ ከሞያሌ ወጥቼም አላውቅም። እኔ የስደተኛ ልጅ ነኝ፤ እነዚህ ልጆች ግን አይደሉም። መሳሳት ካለብኝም በራሴ እጅ እንጂ በእነሱ እጅ አይደለም።

ሰውዬው ተመልሼ እመጣለሁ ያለበት ሐሙስ ደረሰ። ረቡዕ ከሥራ መልስ ደብተሩን ይዤ ከቤት ቤት ዞርኩ። መጀመሪያ ከደረስኩበት በር ላይ፣ ውስጥ ያሉት ወሬያቸውን እስኪጨርሱ ብዬ ብዙ ቆምኩ። አልጨረሱም። አንኳኳሁ። ገጹን ቀድጄ «የልጅዎ ነው» ብዬ ሰጠሁ፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም። የዚያ ቤት እናት ቀለሙ እጇን እንዳይነካ በሻሿ ጫፍ ይዛ ተቀበለችኝና ከሰሉ ላይ ጣለችው። ቀጣዩ ቤት ያለችው ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ አየችው።

«ኮፒውስ?» አለችኝ።

«የለም።»

«ማነው የለም ያለሽ?»

በኦዳ መንገድ ላይ የሚኖሩ አንድ አባት ደግሞ ደብተሩን ከእጄ ተቀብለው ገጽ በገጽ ገለጡት። ቀለሙ ወደሚቀጥለው ገጽ ዘልቆ የልጃቸው መዳፍ እንደ ጥላ ደብዝዞ ታትሟል። ያንንም ቀደዱት፤ ከዚያም ስስ የሆነውን ሦስተኛውን። ሌሎቹም ይህን ሲሰሙ ከሥር ያለውን ሁሉ ጠየቁ። መጨረሻ ወደ ቦሪዎቹ ቤት ስደርስ ከደብተሩ ላይ አንድ ሁለት ገጽ ነበር የቀረው። ሴትዮዋ የልጇን ገጽ አየች።

«ይሄ ግራዋ ነው። ቀኟስ?»

«ቀኟን አላተምኩም፣ ማማ።»

ልጅቷ ከጓዳ አንገቷን ብቅ አድርጋ ታየኝ ነበር። እናቷ ገጹን አራት ቦታ ቀደደችው። «ሽፋኑንም ስጪኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሐሙስ ሰውዬው እንዳለው መጣ። እኔ ሜዳው ላይ ኳሶቹን በጨርቅ እያጸዳሁ ነበር። ልጆች የሉም። ሴትዮዋ ግን ድንጋዩ ላይ አለች።

«ዳዳ፣ ፎርሙስ?» አለኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ስለማመደው ያደርኩትን በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። «ልጆቹ አሥራ አራት ናቸው። ለአሥሩ ትንሹ ጓንት ይሆናቸዋል፤ ለአራቱ መካከለኛው። አንዷ በግራዋ ስለምትወረውር ጓንቷ የቀኝ እጅ መሆን አለበት።»

«እሱን ብቻ አይደለም የጠየቅኩሽ። ስማቸውስ? የወላጆቻቸው የትውልድ ቦታስ?»

«የወላጅ የትውልድ ቦታ ለጓንት ምን ያደርጋል?»

ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ግን ወጣ። ሰውዬው ሳቅ አለ።

«የጠየቀሽ እኔ አይደለሁም፤ ፎርሙ ነው። እንዲህ ብለሽ ጠይቂ ያለሽ ማን ነው?» ዓይኑ ሜዳውን ዞሮ ድንጋዩ ላይ ቆመ። «ያቺ ሴት ማናት?»

«አላውቃትም። ውኃ ልትቀዳ የመጣች ናት።»

ጄሪካኑን አየ፣ እኔን አየ። የእኔን ፊት እንደዚያን ጊዜ አጥንቶ የተመለከተው ሰው የለም። «ፎርም ከሌለ ጓንት የለም» አለና ጫማውን በመሐረቡ ጠርጎ ወደ ግቢው ተመለሰ። ጓንቶቹ አልመጡም። በሚቀጥለው ጊዜ ከናይሮቢ የመጣው ሌላ ሰው ነበር፤ ስለ ልጆቹም ምንም አልጠየቀኝም። የፊተኛው ሰውዬ እውነት ጓንት ሊያመጣልን ነበር ወይ ብዬ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ።

እናቶቹ ወዲያው አላመኑኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ልጆች ከሦስት እናቶች ጋር መጡ። እናቶቹ እስክሪብቶ ይዤ እንደሆነ ኪሴን ያያሉ፤ አንዷ ዱላውን እንኳ ገልብጣ ፈተሸችው። ቀስ በቀስ ልጆቹ ዘጠኝ ደረሱ። ካልሲ ወደ መቅለብ ተመለስን፤ ትልልቆቹን ጓንቶችም በገመድ እጃቸው ላይ አሰርንላቸው። የቦሪዋ ልጅ ግን አልመጣችም። ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው እናቷ ክንዷን ይዛ አመጣቻትና ፊቴ አቆመቻት።

«አሁን ምንም አትጽፊም?»

«አልጽፍም፣ ማማ።»

«ስንት ልጅ አለ ብለው ቢጠይቁሽ?»

«አልቆጠርኩም እላለሁ።»

«የማን የማን ልጆች ናቸው ቢሉሽስ?»

«ቲቸር ነኝ እንጂ ቺፍ አይደለሁም።»

እንዲህ ያለ መልስ ከእኔ አፍ መውጣቱ እኔኑ አስደነገጠኝ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ወደ እኔ ቀረብ አለች።

«የልጄ መዳፍ ልኩ ስንት ነው?» አለችኝ ድንገት።

አውቀው ነበር። ከእጅ አንጓዋ እስከ መሃል ጣቷ ጫፍ ከእኔ መዳፍ በሁለት ጣት እንደሚያንስ፣ ትንሿ ጣቷ ወደ ውስጥ ቆልመም እንደምትል፣ ከአውራ ጣቷ ሥር የቆየ የእሾህ ጠባሳ እንዳለ አውቃለሁ። የአሥራ አራቱንም አውቃለሁ። ገጾቹ ተቀደዱ እንጂ ያየሁትን ከጭንቅላቴ ማን ያወጣዋል?

«አላውቅም፣ ማማ። ረስቼዋለሁ» አልኳት።

ዓይኔን አየችኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። የነገርኳትን አምናኝ ይሁን፣ ወይም ለልጇ ስል መዋሸቴን አውቃ ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። የልጅቷን ክንድ ለቀቀች። ልጅቷ ሮጣ ሜዳው መሃል ገባችና ኳስ አነሣች። እናቷን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ ኳሷን ወደ ግራ እጇ አዛወረች።

«እዚሁ ነኝ፤ እያየሁ ነው» አለች እናቷ። ለልጅቷ ይሁን ለእኔ አልገባኝም።